የሰፋሪ ገበሬዎቹ ልጅ፦ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር

በ1875 መጨረሻ ላይ በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት የሚኖር አንድ ገበሬ የወረዳው ባለሥልጣናት ዘንድ ቀርቦ ምንም ጥሪት እንደሌለው በመሐላ አረጋግጦ ፈረመ። በፊርማው የተሰጠው ሁለት ግማሽ በርሜል ዱቄት ነው፤ በእኛ ስፍር አንድ ኩንታል አይሞላም። ገበሬው 70 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነበረው። ሥራም የሚፈራ ሰው አልነበረም። ስንዴው ግን በአንበጣ ተበልቶበታል። ምርቱ ሲደርስ እከፍላለሁ ብሎ በዱቤ የወሰደው የቤት መሥሪያ እንጨት ዕዳም ጫንቃው ላይ ነበር።

ይህ ገበሬ ቻርልስ ኢንግልስ ይባላል። በወቅቱ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው ሁለተኛ ሴት ልጁ ላውራ አድጋ፣ አግብታ፣ በራሷም ማሳ ላይ ወድቃና ተነሥታ፣ በ63 ዓመቷ የቤተሰቧን ታሪክ መጻፍ ጀመረች። መጻሕፍቷ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ ከ1974 ጀምሮም ለዓመታት በቴሌቪዥን በተከታታይ ድራማነት ታይተዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃት በልጆች መጽሐፍ ደራሲነቷ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዶሮ አርቢ፣ የግብርና ጋዜጣ ዓምደኛና የገበሬዎች ብድር ማህበር ጸሐፊ ነበረች። የእርሷና የወላጆቿ ሕይወት አንድ ገበሬ መሬት ካገኘ በኋላ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ቤተሰቦች

የኢንግልስ የዘር ሐረግ በአሜሪካ ምድር የሚጀምረው ኤድመንድ ኢንግልስ ከተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1629 በማሳቹሴትስ የምትገኘውን የሊን ከተማ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ትውልዶች አዲስ መሬት ፍለጋ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ አመሩ። የላውራ አያት ላንስፎርድ የተወለደው በካናዳ ነው። የላውራ አባት ቻርልስ ደግሞ በ1836 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ኢሊኖይ፣ ቆይቶም ወደ ዊስኮንሲን ተዛወረ።

እናቷ ካሮላይን ኩዊነር በ1839 በዊስኮንሲን ተወለደች። ገና አምስት ዓመት ሲሆናት አባቷ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ በመርከብ አደጋ ሞተ። ባሏ የሞተባት እናት ልጆቿን በችግር አሳደገች። የኢንግልስና የኩዊነር ቤተሰቦች በዊስኮንሲን ጎረቤታሞች ሆኑ፤ ጉርብትናው ወደ ጋብቻ ተሸጋገረ። የካሮላይን ወንድም የቻርልስን እኅት አገባ፤ ቻርልስ በ1860 ካሮላይንን አገባ፤ የቻርልስ ወንድም ደግሞ የካሮላይንን እኅት አገባ። ሦስት ጋብቻ ሁለቱን ቤቶች አስተሳሰረ። በአዲስ አገር መንግሥትም ባንክም ሩቅ ስለነበሩ የሰፋሪ ዋስትናው ዘመድ ነበር። ቤት ሲሠራ፣ እህል ሲታጨድ፣ ሰው ሲታመም የሚደርሱት እነዚህ አማቾችና ወንድሞች ነበሩ።

ቻርልስና ካሮላይን በዊስኮንሲን ፔፒን አጠገብ ጫካ መንጥረው ጎጆ ወጡ። ሜሪ በ1865፣ ላውራ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1867 ተወለዱ። አገሩ ጫካ የበዛበት ስለነበር ማሳው ትንሽ ነው፤ የቤቱ ቀለብ ግማሹ ከአደን ይገኝ ነበር። ቻርልስ ግን ጉቶ የሌለበት፣ ማረሻ እንደልብ የሚሄድበት ሰፊ ሜዳ ይመኝ ነበር።

በሌላ ሕዝብ መሬት ላይ

በ1869 ቻርልስ ቤተሰቡን በሸራ በተሸፈነ ጋሪ ጭኖ ወደ ካንሳስ ሄደ። ኢንዲፔንደንስ ከተባለችው አዲስ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የግንድ ቤት ሠራ፤ የሣር ምድሩንም አረሰ። መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው። ኦሴጅ የተባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ ከመንግሥት ጋር በገባው ውል የተከለለ ይዞታ ነው። ሰፋሪዎቹ ሕጉ ሳይፈቅድላቸው ቀድመው የገቡት፣ መንግሥት ኦሴጆቹን ማስነሣቱና መሬቱን በርካሽ መሸጡ አይቀርም በሚል ስሌት ነበር። ስሌቱም አልተሳሳተም። በ1870 ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ ኦሴጆች ከካንሳስ ወጥተው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር እንዲዛወሩ ተደረገ፤ መሬታቸውም ለሰፋሪዎች በኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ዋጋ ተሸጠ።

ቆላማው ሜዳ ሌላ ጠላትም ነበረው። መላ ቤተሰቡ በወባ ወደቀ። የዚያን ጊዜ በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ ገና አልታወቀም፤ ይህ የተረጋገጠው በ1897 ነው። ሰፋሪዎቹ መንሥኤው ክፉ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በአካባቢው የታመሙትን ሲያክም የነበረው ዶክተር ጆርጅ ታን የተባለ ጥቁር ሐኪም ነው፤ ቤተሰቡንም የረዳው እርሱ ነበር። ሦስተኛዋ ልጅ ኬሪ በኦገስት 1870 እዚያው ካንሳስ ተወለደች።

በ1871 ቤተሰቡ ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰ። የቀድሞ እርሻቸውን በዱቤ የገዛው ሰው ክፍያውን መጨረስ ስላልቻለ መሬቱ ወደ እነርሱ ተመልሶ ነበር። ሁለት ዓመት የደከሙበትን የካንሳስ ቤትና እርሻ ትተው ሲወጡ በእጃቸው አንድም የይዞታ ወረቀት አልነበረም።

አንበጣው

በ1874 ቻርልስ እንደገና ወደ ምዕራብ ተነሣ። በሚኒሶታ ዋልነት ግሮቭ አጠገብ፣ በአንድ ጅረት ዳር መሬት ያዘ። ቤተሰቡ መጀመሪያ የኖረው በወንዙ ዳር ጉብታ ውስጥ በተቆፈረ፣ ጣሪያው በሣር በተሸፈነ ዋሻ መሰል ቤት ነው። ስንዴው ሲበቅል ተስፋ ሰጪ ነበር። ቻርልስም በዚያ ተስፋ ጣውላና መስተዋት በዱቤ አምጥቶ አዲስ ቤት ሠራ። ዋስትናው ገና ያልታጨደ ስንዴ ነበር።

የሮኪ ተራራ አንበጣ በአካባቢው መታየት የጀመረው በ1873 ነው። መንጋው ከምዕራብ ተራሮች ሸለቆዎች ተነሥቶ በነፋስ እየተገፋ በየሜዳው ያርፍ ነበር። ያረፈበትን ሰብል ይጨርሳል፤ ሣሩንና የአትክልቱን ቅጠል ይበላል፤ ዕንቁላሉን በአፈር ውስጥ ይቀብራል። በሚቀጥለው ዓመት ሙቀቱ ሲመለስ ኩብኩባው ከዚያው ማሳ ይፈለፈላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተወረረ ገበሬ ሁለት ዓመት ይከስራል። በ1875 የታየው አንድ መንጋ የሸፈነው ስፋት 500 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ በጊዜው ተገምቷል።

ገበሬዎቹ የቻሉትን ሁሉ ሞከሩ። በማሳው ዙሪያ ጭስ አጨሱ፤ ቦይ ቆፈሩ፤ ቆርቆሮ ሬንጅ ቀብተው በፈረስ እየጎተቱ ኩብኩባውን አጣበቁ። ቻርልስ ማሳው ባዶ ሲቀር አንበጣ ወዳልደረሰበት የሚኒሶታ ምሥራቃዊ ክፍል በእግሩ ተጉዞ በቀን ሠራተኝነት የሰው እህል አጨደ። ያገኘውን ገንዘብ ለቤተሰቡ ላከ።

የግዛቱ መንግሥት እርዳታ ይሰጥ የነበረው ገበሬው ፍጹም ድሃ መሆኑን በመሐላ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አገረ ገዥ የሆነው ጆን ፒልስበሪም ነፃ እርዳታ ሰውን ያሰንፋል የሚል እምነት ነበረው። ችግሩን ያመጣው አንበጣ ቢሆንም ውርደቱን የሚሸከመው ገበሬው ነበር። ላውራ ስለ አንበጣው በዝርዝር ጽፋለች፤ አባቷ ስለፈረመው ወረቀት ግን በልጆች መጻሕፍቷ አንድም ቃል አላነሣችም። ወረቀቱ ይፋ የወጣው በኋላ ዘመን ተመራማሪዎች መዛግብት ሲያገላብጡ ነው።

ያው አገረ ገዥ ኤፕሪል 26 ቀን 1877 በግዛቱ የጸሎት ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያው ዓመት አጋማሽ መንጋው ሚኒሶታን ለቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሮኪ ተራራ አንበጣ እየቀነሰ መጣ፤ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው በ1902 በካናዳ ነው። ዛሬ ከምድር ጠፍቷል። ተመራማሪዎች ከሚያቀርቧቸው ማብራሪያዎች ጠንካራው፣ ሰፋሪ ገበሬዎች አንበጣው ይራባባቸው የነበሩትን የተራራ ሸለቆዎች ሲያርሱ፣ መስኖ ሲያጠጡና ከብት ሲያሰማሩ ሳያውቁት ዕንቁላሉን አጠፉት የሚለው ነው። መንጋው አህጉር ቢያካልልም መራቢያው ጥቂት ሸለቆዎች ብቻ ነበሩ።

ለኢንግልስ ቤተሰብ ግን ይህ ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1876 መሬታቸውን ሸጠው ወደ አዮዋ ግዛት በር ኦክ ከተማ አቀኑ። መንገድ ላይ እያሉ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ፍሬዲ በዘጠኝ ወሩ ሞተ። በበር ኦክ በሆቴል ሥራ ተቀጠሩ፤ ኑሮ አልሞላ ሲላቸው በ1877 የቤት ኪራይ ዕዳ እንዳለባቸው በሌሊት ጓዛቸውን ጭነው ወደ ሚኒሶታ ተመለሱ። የመጨረሻዋ ልጅ ግሬስ የተወለደችው በዚያው በበር ኦክ ነው። በ1879 የበኩር ልጃቸው ሜሪ በጽኑ ታመመችና በ14 ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። ላውራ በመጽሐፏ ምክንያቱ ቀይ ትኩሳት ነው ብላለች፤ በ2013 የታተመ የሕክምና ጥናት ግን በቫይረስ የመጣ የአንጎልና የአንጎል ሽፋን ብግነት ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል።

የ65 ሄክታር ሕግ

በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሰፋሪዎች መሬት ሕግ ለአንድ አባወራ ወይም 21 ዓመት ለሞላው ሰው 160 ኤከር ወይም 65 ሄክታር ያህል የመንግሥት መሬት ይሰጥ ነበር። ያላገቡና ባል የሞተባቸው ሴቶችም ማመልከት ይችላሉ። ክፍያው በጠቅላላ 18 ዶላር ገደማ ነው። ግዴታው ቤት መሥራት፣ ማረስና አምስት ዓመት በመሬቱ ላይ መኖር ነበር። አምስቱ ዓመት ሲሞላ ገበሬው ምስክር አቅርቦ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይወስዳል። ሕጉ በቆየባቸው ዘመናት 1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ማረጋገጫ ተሰጥቷል፤ የተከፋፈለው መሬት 109 ሚሊዮን ሄክታር ይሆናል። ከተመዘገቡት ውስጥ ግን እጅግ ብዙዎቹ አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ ለቀው ሄደዋል።

ቻርልስ በ1879 በዳኮታ በባቡር ሐዲድ ግንባታ ላይ ተቀጠረ። በፌብሩዋሪ 1880 ዲ ስሜት ከተባለችው አዲስ ከተማ አጠገብ 65 ሄክታሩን አስመዘገበ። ገና የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ ከባድ የብርድ ወቅት መጣ። ከኦክቶበር 1880 ጀምሮ ለሰባት ወር ያህል አመዳይ የቀላቀለ ማዕበል ተፈራረቀ። ሐዲዱ በበረዶ ተቀብሮ ባቡር ቆመ። ከተማዋ በባቡር ከሚመጣ እህልና የድንጋይ ከሰል በቀር ሌላ ስንቅ አልነበራትም። ሰዎች ድርቆሽ እንደ ገመድ እየጠመዘዙ አነደዱ፤ ስንዴውን በቡና መፍጫ እየፈጩ ጋገሩ። ላውራ እንደጻፈችው፣ አልማንዞ ዋይልደር የተባለ ወጣት ገበሬ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ያስቀመጠውን ስንዴ አልሸጥም ብሎ ግድግዳ ውስጥ ሸሽጎ ነበር። ዘሩ ከተበላ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራ አይኖርም። የሕዝቡ ረሃብ ሲጠና ግን ከአንድ ጓደኛው ጋር በዚያ ብርድ ተጉዞ ከሩቅ ሰፋሪ ስንዴ ገዝቶ መጣ። ዘሩም ዳነ፤ ሰዉም አልተራበም።

ቻርልስ በ1886 የባለቤትነት ማረጋገጫውን አገኘ። ከዕድሜው ግማሹን የፈለገው ወረቀት በእጁ ገባ። ግን ብዙ አልቆየበትም። ከተማ ውስጥ ቤት ሠርቶ ገባ፤ በ1892 እርሻውን ሸጠ። እስከ ሞተበት እስከ 1902 በአናጺነትና በሌላም የከተማ ሥራ ኖረ።

ያልታጨደ ስንዴና የታወቀ ዕዳ

ላውራ 16 ዓመት ሳይሞላት የመምህርነት ፈቃድ አግኝታ በገጠር ማስተማር ጀመረች። ከልብስ ስፌትና ከማስተማር ያገኘችውን ለቤቱ ትሰጥ ነበር፤ ዓይነ ስውሯ ሜሪ በአዮዋ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ኮሌጅ ስትማር ለወጪው አግዛለች። ኦገስት 25 ቀን 1885 ያን ዘሩን የደበቀውን አልማንዞ ዋይልደርን አገባች።

አልማንዞ ሁለት መሬት ነበረው። አንዱ በሰፋሪዎች ሕግ የተመዘገበ ነው። ሁለተኛው ዛፍ ለሚተክል ሰው በሚሰጠው ሕግ የተያዘ ሲሆን 4 ሄክታር ያህሉን በዛፍ መሸፈን ግዴታ ነበር። በወረቀት ሲታይ ሀብታም ነው። ነገር ግን ቤቱ፣ ማጨጃ መሣሪያውና ፈረሶቹ በብድር የተገዙ ነበሩ። በቤቱ ላይ ያለውን 500 ዶላር ዕዳ ለሙሽራዋ ሳይነግራት ቆይቶ ነበር።

በ1886 ስንዴው ደርሶ አጨዳ ሊጀመር ሲል በረዶ ዘነበ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሳው ከአፈር ጋር ተደባለቀ። ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ ወለዱም ተጨመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴት ልጃቸው ሮዝ ተወለደች። በ1888 ባልና ሚስቱ በዲፍቴሪያ ታመሙ፤ አልማንዞ ሳያገግም ወደ ሥራ በመመለሱ ሽባነት አገኘው፤ ዕድሜ ልኩንም ሲያነክስ ኖረ። ከዚያ ድርቅ ተከተለ። ሰብሉ ተቃጠለ፤ የተተከሉት ችግኞችም ደረቁ። በ1889 ሁለተኛ ልጃቸው በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ሞተ፤ ብዙ ሳይቆይም ቤታቸው በእሳት ወደመ።

ይህን መከራ በዕድል ብቻ ማሳበብ አይቻልም። በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዳኮታ ጥሩ ዝናብ አግኝታ ነበር። የባቡር ኩባንያዎችና የመሬት ደላሎች መሬት ከታረሰ ዝናቡም አብሮ ይመጣል እያሉ ሰፋሪ ይጠሩ ነበር። ጆን ዌስሊ ፖውል የተባለው የመንግሥት አሳሽ ሳይንቲስት በ1878 ባቀረበው ሪፖርት በደረቁ የምዕራብ አገር 65 ሄክታር ያለ መስኖ ቤተሰብ ሊያኖር እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ሕጉ ዝናብ ላለበትም ለሌለበትም አገር አንድ ዓይነት ስፋት ሰጠ። ገበሬውም በጥሩዎቹ ዓመታት ልክ ተበደረ፤ በመጥፎዎቹ ዓመታት ተጠየቀ። የዘራውም አንድ ሰብል ስንዴ ብቻ ስለነበር፣ እርሱ ሲጠፋ የሚተካ ሌላ ገቢ አልነበረም።

አሥራ ስድስት ሄክታር

ላውራና አልማንዞ በሚኒሶታ ከአልማንዞ ወላጆች ጋር ተጠግተው ቆዩ፤ ለጤናው ብለው ፍሎሪዳን ሞከሩ፤ ወደ ዲ ስሜት ተመልሰው በቀን ሥራ ገንዘብ አጠራቀሙ። በጁላይ 1894 የሰባት ዓመቷን ሮዝን ይዘው በጋሪ ወደ ሚዙሪ ግዛት ተነሡ። ከስድስት ሳምንት ጉዞ በኋላ ማንስፊልድ ደረሱ። ያጠራቀሙት 100 ዶላር ነበር። በእርሱ ቀብድ ከፍለው 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ድንጋያማ ኮረብታ ገዙ። ስሙን ሮኪ ሪጅ አሉት።

በዳኮታ ከነበራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ መሬት ነው። አብዛኛው ደን ነው፤ መስኮት የሌለው የግንድ ጎጆ አለበት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአፕል ችግኞች ተከላ ይጠብቃሉ። አፕል ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል። በዚያ መሐል የሚበላው ከምንጠራው ተገኘ። ሁለቱ ባልና ሚስት ዛፍ በመጋዝ እየቆረጡ አንድ ጋሪ ማገዶ በ50 ሳንቲም ሸጡ። ዶሮ ገዙ፤ ከዚያ ላም፤ ከዚያ አሳማ። ገቢው ሲያንስ ወደ ከተማ ተጠግተው አልማንዞ በጋሪ ዕቃ አመላለሰ፤ ላውራ ምግብ እያበሰለች ሸጠች። ከከተማ ያገኙትን መልሰው በእርሻው ላይ አዋሉት።

በዳኮታ ቤቱን በዱቤ የሠሩት ሰዎች በሚዙሪ ቀስ ብለው ሠሩ። ቤታቸውን የጀመሩት በአንድ ክፍል ነው፤ የተጠናቀቀው በ1913 ነው። ድንጋዩም እንጨቱም በአብዛኛው ከራሳቸው መሬት ወጣ። እርሻው ቀስ በቀስ ወደ 80 ሄክታር ሰፋ። የአፕል ማሳቸው ምርቱን ሩቅ ገበያ ድረስ በባቡር ይልክ ጀመር። አልማንዞ በ1912 በግብርና ጋዜጣ እንደገለጸው፣ በማሳው ውስጥ ድርጭት እንዳይታደን ከልክሏል፤ ወፎቹ በግንዱ ሥር አፈሩን እየጫሩ ተባዩን ስለሚለቅሙለት ነው።

የዶሮዎቹ ኃላፊ ላውራ ነበረች። በአገራችን የዶሮ ርባታ ጣቢያዎችም የሚታወቀውን የሌግሆርን ዝርያ ታረባ ነበር። በብርድ ወራት የጎረቤት ዶሮዎች መጣል ሲያቆሙ የእርሷ ይጥሉ ነበር፤ ምክንያቱም የቤቱን ሙቀትና ንጽሕና፣ የመኖውንም ዓይነት በጥንቃቄ ትከታተላለች። ስሟ ስለተሰማ በገበሬዎች ስብሰባ ስለ ዶሮ እንድትናገር ተጋበዘች። መሄድ ስላልቻለች ጽሑፍ ላከች፤ በስብሰባው ላይ ተነበበ። የሚዙሪ ሩራሊስት የተባለው የግብርና ጋዜጣ አዘጋጅ ጽሑፉን ወደደው። ከ1911 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የዚያ ጋዜጣ ጸሐፊ ሆነች።

በዓምዷ የገበሬ ሚስት የእርሻው ሸሪክ እንጂ ረዳት አይደለችም የሚል ሐሳብ ደጋግማ አነሣች። የእንቁላሉና የቅቤው ገንዘብ በየሳምንቱ ስለሚገባ፣ እህል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስገባው ገንዘብ እኩል በሂሳብ መዝገብ መግባት አለበት አለች። ትንሽ መሬት በደንብ ከተያዘ ቤተሰብ እንደሚያኖር ከራሷ እርሻ እያሳየች ጻፈች። ውኃ ወደ ማድ ቤት በቧንቧ መሳብ የቅንጦት ሳይሆን የጉልበት ቁጠባ ጉዳይ መሆኑን አስረዳች።

የብድር ማህበሩ ጸሐፊ

በ1916 የአሜሪካ መንግሥት የፌዴራል የእርሻ ብድር ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት ገበሬ የሚበደረው ከከተማ ባንክ ወይም ከነጋዴ፣ በከፍተኛ ወለድና በአጭር ጊዜ ነበር። አዲሱ ሕግ 12 የመሬት ባንኮች አቋቋመ። ገበሬው ከባንኩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ቢያንስ 10 ተበዳሪዎች ሆነው ማህበር ይመሠርታሉ። እያንዳንዱ አባል የብድሩን 5 በመቶ የሚያህል ዕጣ ይገዛል። ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መክፈያው ከ5 እስከ 40 ዓመት ሆነ። የብድሩ መጠን ከመሬቱ ግምት ግማሽና በላዩ ካለው ቋሚ ንብረት አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ተደነገገ።

በማንስፊልድ እንዲህ ያለ ማህበር ሲቋቋም ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሆነችው ላውራ ናት። ለአሥር ዓመት ያህል ማመልከቻ ተቀበለች፤ ወረቀት አዘጋጀች፤ ክፍያ ሰበሰበች። በዚህ ጊዜ በእጇ ያለፈው ብድር ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። የብድር ጠያቂውን ጭንቀት ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። አባቷ ባልታጨደ ስንዴ የተበደረ ሰው ነው፤ ባሏም እንደዚያው። አዲሱ ብድር ከእነዚያ የሚለየው በወለዱ ማነስ ብቻ አልነበረም። አንድ ዓመት በረዶ ቢመታ ዕዳው ቤት እንዳያፈርስ ክፍያው በረጅም ዓመታት ተከፋፍሏል።

ቤተሰቡን በወረቀት

እናቷ ካሮላይን በ1924፣ እኅቷ ሜሪ በ1928 ሞቱ። የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ መጡ። በ1929 በተጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ዋይልደሮች ለእርጅና ያስቀመጡትን ገንዘብ አጡ። በ1930 ላውራ የልጅነቷን ታሪክ በእርሳስ ጻፈች። አሳታሚዎች አልቀበልም አሉ። ጋዜጠኛና ደራሲ የነበረችው ልጇ ሮዝ ጽሑፉን በማረም አገዘቻት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1932 ወጣ፤ እስከ 1943 ስምንት መጻሕፍት ታተሙ። ያ የመጀመሪያው የእርሳስ ጽሑፍ ግን በሙሉ የታተመው በ2014 ነው።

መጻሕፍቱ ክርክርም አስነሥተዋል። የአገሬው ነባር ሕዝቦች በመጻሕፍቱ የተገለጹበት መንገድ ያስቆጣቸው ብዙዎች ናቸው። በ1952 አንዲት አንባቢ የካንሳሱ መጽሐፍ አካባቢውን ሰው እንዳልነበረበት አድርጎ መግለጹን ተቃወመች፤ ላውራ ቅሬታውን ተቀብላ በአዲሱ እትም ቃሉ ሰፋሪ አልነበረበትም ተብሎ እንዲታረም አደረገች። በ2018 የአሜሪካ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማህበር በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስም ቀይሯል። የኢንግልስ ቤተሰብ መሬት ፍለጋ ሲነገር የኦሴጆች መሬት ማጣትም አብሮ ሊነገር ይገባል፤ አንዱ ያለ ሌላው አልሆነም።

አልማንዞ በ1949 በ92 ዓመቱ፣ ላውራ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1957 ዘጠና ዓመቷን በደፈነች በሦስተኛው ቀን በማንስፊልድ አረፉ። ሮዝ በ1968 ሞተች፤ በሕይወት የቀረ ልጅ አልነበራትም። ሜሪ አላገባችም፤ ኬሪና ግሬስም አልወለዱም። ስለዚህ ዛሬ ከቻርልስና ከካሮላይን በቀጥታ የሚወለድ ሰው የለም፤ ያሉት ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው የመጡ ዘመዶች ናቸው።

ቤተሰቡን ዛሬም ደረጃ በደረጃ መከተል የሚቻለው በሁለት ዓይነት ማስረጃ ነው። አንዱ ላውራ የጻፈችው ነው። ሌላው የመንግሥት መዝገብ ነው፤ የ1870 የሕዝብ ቆጠራ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል፣ የዱቄት መሐላው፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ላውራ ከካንሳስ ስትወጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ ቤታቸው ከኢንዲፔንደንስ 40 ማይል እንደሚርቅ ጽፋለች፤ ቆጠራው ግን 13 ማይል ያህል በሚርቅ ቀበሌ ያገኛቸዋል። ያለ መዝገቡ ትክክለኛው ቦታ አይታወቅም ነበር፤ ያለ እርሷ ጽሑፍ ደግሞ ማንም አይፈልገውም ነበር። በዲ ስሜት አጠገብ ቻርልስ ለሚስቱና ለአራት ሴት ልጆቹ ብሎ የተከላቸው አምስት ዛፎች ያሉበት መሬት ዛሬ በጎብኚዎች ይታያል። የተመዘገበበት ፋይልም እንደ ሌሎቹ ሰፋሪዎች ፋይል በአሜሪካ ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል።